«ቆርቆሮ እያከራየህ ነው» ያለኝ ወንድሜ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት የምተዳደረው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ፒኤስ ፎር የሚባሉ አራት የጌም ማሽኖች፣ አራት ቴሌቪዥንና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች አሉኝ። የመጀመሪያዋን ፒኤስ ፎር የገዛሁት እናቴ አሞራ ገደል ዓሳ ጠብሳ እየሸጠች በጣለችው እቁብ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤታችን የቆመው በእሷ ዓሳና በእኔ ጌም ቤት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ ሦስተኛ ዓመት ነው። የኪስ ገንዘቡን በየወሩ የምልክለት እኔ ነኝ። ላፕቶፑንም የገዛሁለት እኔ ነኝ፤ ያገለገለ ስለሆነ ባትሪው ቶሎ እያለቀ ያስቸግረዋል።

ባለፈው ለእረፍት ሲመጣ በዚያው ላፕቶፕ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ሰውየው ኮንሶል፣ ማለትም እንደ እኔዎቹ ያለ የጌም ማሽን፣ የለውም፤ ቴሌቪዥንና ጆይስቲክ ብቻ ይዞ ትልልቅ ጌሞችን ይጫወታል። ‹ክላውድ ይባላል። ኮንሶል አልቆለታል፤ ሳይረክስብህ ሽጠው› አለኝ። እኔ ‹እዚህ አገር አይሆንም› አልኩት። ተከራከርን፣ ድምፃችን ከፍ አለ። በመጨረሻ ደንበኞቼ ቁጭ ብለው እየሰሙ ‹አንተ እኮ ቆርቆሮ እያከራየህ ነው› አለኝ። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። እኔ ምንም አልመለስኩም። ከሄደ ከወር በላይ ሆኖታል። ብሩን እልክለታለሁ፣ ግን አልተደዋወልንም።

አሁን ከእናቴ ጋር በጋራ የምንጥለው እቁብ ከሁለት ወር በኋላ ይደርሰናል። እናቴ ‹ሁለት ፒኤስ ፋይቭ ግዛበትና ቤትህን አሳምር› ትላለች። አንዳንዴ ገዝቼ ወንድሜ ሲመጣ ላሳየው ያምረኛል። አንዳንዴ ደግሞ ‹እውነቱን ቢሆንስ? የእናቴን ላብ እሳት ውስጥ እየከተትኩት ቢሆንስ?› እላለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ፤ ከሀዋሳ»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ማሽኖቹ የጻፍከውን ከጨረስኩ በኋላ ዓይኔ የተመለሰው «ብሩን እልክለታለሁ፣ ግን አልተደዋወልንም» ወዳልከው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤተሰብ ያቆምክበትን ሥራ፣ በዚያው ሥራ የምታስተምረው ወንድምህ በደንበኞችህ ፊት ቆርቆሮ ብሎ ሲጠራው መስማት ያማል። ዝም ማለትህ ደግሞ ሕመሙ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጎታል። እንቅልፍ የነሳህ ኮንሶል ይጠፋል የሚለው ወሬ ብቻ አይመስለኝም። እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ ያንኑ ቪዲዮ አንድ የማታውቀው ደንበኛ አሳይቶህ ቢሆን ኖሮ ሌሊት ያነቃህ ነበር?

ይህን ያነሳሁት እቁቡ ስላለ ነው። «ገዝቼ ላሳየው ያምረኛል» ብለሃል። እውነቱን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ለራሱም አይናገርም። ግን የእናትህ ገንዘብ ለወንድምህ መልስ መስጫ መሆን የለበትም። እሱን ለማሳፈር ብትገዛም፣ እሱን ፈርተህ ብትሸጥም፣ በሁለቱም መንገድ ውሳኔውን የሚሰጥልህ የዚያን ቀን ጠብ ነው።

አሁን ስለ ክላውዱ እናውራ። ለዚህ መልስ ብዬ ጉዳዩን ጊዜ ወስጄ አንብቤበታለሁ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅስልህ።

ወንድምህ ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። ማይክሮሶፍት በ2020 በክላውድ ጌም ማጫወት ጀምሯል። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ስልኩንም፣ ላፕቶፑንም፣ ቴሌቪዥኑንም በራሱ የጌም ማሽን ስም «ይህም ኤክስቦክስ ነው» እያለ አስተዋውቋል። ይኸው ኩባንያ የጌም አምራቹን አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ ሲል የእንግሊዝ የውድድር ተቆጣጣሪ በ2023 የከለከለው በዚሁ በክላውድ ምክንያት ነበር፤ ግዢው ያለቀው የክላውዱ መብት ለሌላ የጌም አምራች፣ ለዩቢሶፍት፣ እንዲሰጥ ከተደረገ በኋላ ነው። የፕሌይስቴሽን አምራቹ ሶኒም ጋይካይ የተባለውን የክላውድ ኩባንያ የገዛው ገና በ2012 ነው። ስለዚህ ልጁ ዓለም ወዴት እያዘነበለች እንደሆነ አይቷል። ያላየው ከዚያ እስከ አቶቴ ያለውን መንገድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጌሙ የሚሄደው እቤትህ ባለው ማሽን ላይ አይደለም፤ ሩቅ አገር፣ በማሽን የተሞላ ሕንፃ ውስጥ ነው። አንተ ጆይስቲኩን ስትጫን ትእዛዙ በኢንተርኔት ይሄዳል፣ እዚያ ያለው ማሽን ኳሷን ይመታታል፣ ምስሉ ደግሞ ቪዲዮ ሆኖ ወደ አንተ ይመለሳል። ይህ ሁሉ አንዴ ዓይንህን እስክትጨፍንና እስክትገልጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት። ዩቲዩብ ኔትወርክ ሲደክም የማይቋረጠው ቪዲዮውን ቀድሞ እያወረደ ስለሚያስቀምጥ ነው። ጌም ግን ቀድሞ ሊወርድ አይችልም፤ ተጫዋቹ ያቀብል ወይ ይምታ ገና ማንም አያውቅምና።

ማሽኑ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከሀዋሳ ቀጥታ መስመር ብትዘረጋ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ባሕር በር ስለሌለን መጀመሪያ የጎረቤት አገር ማቋረጥ አለበት፤ በየመንገዱም ይዘገያል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም 50 ሚሊ ሰከንድ ማለት ሦስት ምስል ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ግብ ጠባቂው ሦስት ምስል ዘግይቶ ሲወረወር ደንበኞችህ ምን እንደሚሉህ ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ይህን የትኛውም ኩባንያ በገንዘብ አይፈታውም፤ ማሽኑን አቅርቦ ካልተከለ በስተቀር። እነዚህ አገልግሎቶች ደግሞ እስካሁን አገራችን ውስጥ አንድም አልተከሉም። የማይክሮሶፍቱ ሲጀመር በ22 አገሮች ነበር፤ ከአፍሪካ አንድም አልነበረም።

ኢንተርኔቱንም እናስላው። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ለራሱ የክላውድ አገልግሎት በሙሉ ኤችዲ ጥራት፣ በሰከንድ 60 ምስል ለመጫወት 25 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል። በሰዓት ሲሰላ ከ11 ጊጋባይት ይበልጣል። አራቱንም ቴሌቪዥኖችህን አንድ ላይ ብታስነሳ 100 ሜጋቢት የማይቆራረጥ መስመር ያስፈልግሃል፤ በሰዓትም 45 ጊጋባይት ይበላብሃል። በዚያ ላይ ወርሃዊው ክፍያ በዶላር ነው። ክላውድ የሚያካትተው የኤክስቦክስ ከፍተኛው ጥቅል በ2025 ከ20 ዶላር ወደ 30 ዶላር ገደማ ጨምሮ ነበር። ፒኤስ ፎርህ ግን ዲስኩ ከገባ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ሁለት ልጆችን አጎራብቶ ያጫውታል።

እነዚህ ኩባንያዎች ራሳቸውም ተንገዳግደዋል። ኦንላይቭ የተባለው በ2010 ተጀምሮ በ2015 ተዘጋ። የጉግሉ ስታዲያ በኅዳር 2019 «ኮንሶል ከእንግዲህ አያስፈልግም» በሚል ወኔ ወጥቶ በጥር 2023 ተዘጋ። ጉግል የሰዎቹን ገንዘብ መልሷል፤ ጌሞቹ ግን ከአገልግሎቱ ጋር አብረው ጠፉ። ይህ የሆነው ፈጣን ኢንተርኔት ባላቸው አገሮች፣ በዓለም ትልልቅ በሚባል ኩባንያ እጅ ነው። እናም ክላውድ በዚህ ዓመትም ሆነ በሚቀጥለው መጥቶ ቤትህን ይዘጋዋል ብለህ አትጨነቅ። ይህን ስልህ ላጽናናህ ብዬ ብቻ አይደለም።

ሆኖም ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ እናትህ ሁለት ፒኤስ ፋይቭ ስትል ያሰብኩት እሱን ነው። ቀስ እያለ የሚጠፋው ኮንሶሉ ሳይሆን ዲስኩ ነው። ፒኤስ ፋይቭ ከመጀመሪያው በ2020 ሲወጣ ዲስክ የማይቀበል ዓይነትም ነበረው። በ2024 የወጣው ፒኤስ ፋይቭ ፕሮ ደግሞ ጭራሽ ያለ ዲስክ ማስገቢያ ነው የሚሸጠው፤ ማስገቢያው ለብቻው ይገዛል። ላንተ ዓይነት ቤት ዲስክ ማለት ከጎረቤት ጌም ቤት ጋር የምትቀያየረው፣ ሲሰለችህ የምትሸጠው ንብረት ነው። በአካውንት የተገዛ ጌም ግን በውጭ ምንዛሪ ካርድ ወይም ከነጋዴ በተገዛ የስጦታ ካርድ የሚገኝ፣ አካውንቱ ከተዘጋ አብሮ የሚሄድ ነው። ርካሽ አገኘሁ ብለህ ዲስክ የማይገባበትን እንዳትገዛ አደራህን። ዲስክ የሚገባበት ፒኤስ ፋይቭ አብዛኞቹን የፒኤስ ፎር ዲስኮችህን ይቀበላል። የፒኤስ ፎር ጆይስቲኮችህም በእነዚያ በአሮጌዎቹ ጌሞች ላይ ይሠራሉ፤ በፒኤስ ፋይቭ ጌሞች ላይ ግን አይሠሩም። ለሁለት ሰው የሚሆን አዲስ ጆይስቲክ በሒሳብህ ውስጥ አስገባ።

ዋጋውም አለ። ድሮ ኮንሶል ሲያረጅ ይረክስ ነበር። ፒኤስ ፋይቭ አሜሪካ ውስጥ በ500 ዶላር ጀምሮ ከአምስት ዓመት በኋላ 550 ገባ። እኛ ጋ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ራሱ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የዛሬ ስድስት ዓመት በአንድ እቁብ ያደረግከውን ዛሬ በአንድ እቁብ ማድረግ አትችልም። በሌላ በኩል አራቱ ፒኤስ ፎሮችህ አልሞቱም። ማሽኑ ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ፣ ሁላችንም ዛሬም ፊፋ የምንለው የኢኤ ስፖርትስ የእግር ኳስ ጌም በ2025 የወጣው እትም ለፒኤስ ፎርም ተሠርቷል። አንድ ቀን ግን ይቀራል፤ እሱ ሲቀር ነው አዲስ ማሽን ግዴታ የሚሆንብህ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ካለፈው ዓመት ይልቅ ዘንድሮ የቀሩብህ ደንበኞች አሉ? ካሉ የት ሄዱ? ክላውድ ጋ አልሄዱም። ስልካቸው ላይ ይሆናሉ። ኢፉትቦልን የመሳሰሉ የእግር ኳስ ጌሞች በነፃ ስልክ ላይ ይጫናሉ። ስለዚህ ማሰብ ካለብህ ከሩቁ በፊት ይህን የቅርቡን አስብ።

ስለ «ቆርቆሮ» የምነግርህ አለኝ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የእህቴን ልጅ ፍለጋ ከሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። ልቆጣው ነበር የሄድኩት። የያዘው ጆይስቲክ መዘወሪያው ላይ ያለው ላስቲክ አልቆ ባለቤቱ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ በክብ አልብሶታል። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፤ ሰባት ቆመው ያያሉ። የተሸነፈ ይከፍላል። አንዱ ቀጭን ልጅ ኪሱ ውስጥ ምንም እንደሌለው ያስታውቃል፤ እሱ ግን አሠልጣኝ ሆኖ «ግራውን ክፈት፣ ግራውን!» ይላል፤ ተጫዋቹም ይሰማዋል። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሁሉም ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም። በጨለማ እየተሟገቱ፣ ግቡ ይጸድቃል አይጸድቅም እየተባባሉ፣ መብራት እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ባለቤቱ ሻማ ለኩሶ የማን ተራ እንደሆነ ከደብተሩ ያነብላቸው ነበር። የእህቴን ልጅ ሳልቆጣው ተመለስኩ። የአንተን ቤት አላየሁትም፤ ግን ስድስት ዓመት የቆየ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሳይኖረው እንደማይቆይ አምናለሁ።

እንግዲህ ሁለት ወር አለህ። እኔ አንተን ብሆን መጀመሪያ ደብተር እከፍታለሁ። ለአንድ ወር በየቀኑ ስንት ጨዋታ እንደተጫወቱ፣ በየትኛው ሰዓት ሰው እንደሚሰለፍና በየትኛው ወንበሩ ባዶ እንደሚሆን፣ ስንት ሰዓት መብራት እንደጠፋ፣ ስንቱ «ፒኤስ ፋይቭ የለህም?» ብሎ ጠይቆ እንደተመለሰ እጽፋለሁ። ይህን የመጨረሻውን በተለይ እንዳትረሳው። በወር ውስጥ የጠየቁህ ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ መብራት ግን አሥራ አምስት ቀን ጠፍቶብህ ከሆነ፣ እቁቡ ወደ ባትሪና ኢንቨርተር ቢሄድ ይሻላል። ጠያቂው በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ዲስክ የሚገባበት አንድ ፒኤስ ፋይቭ ገዝተህ፣ ዋጋውን ከሌሎቹ ከፍ አድርገህ ሞክረው። ሁለት በአንዴ መግዛቱ ግን አልታየኝም። የተረፈውን ለእናትህ እጅ ብትመልስላት እሷም ትረጋጋለች። ደብተሩ እስኪሞላ ጊዜ ካነሰህም የእቁቡን ዳኛ አነጋግር፤ ዕጣህን ወደ ኋላ ከሚለውጥህ አባል ጋር ሊያገናኝህ ይችላል።

እናትህን ግን ሳታማክር አትወስን። እሷ «አሳምር» ስትልህ ስለ ማሽን እያወራች ላይሆን ይችላል። የልጆቿን መኮራረፍ አይታ ይሆናል። «እማዬ፣ ይህ ገንዘብ ምን ቢያደርግልሽ ደስ ይልሻል?» ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ? ከእሳትና ከጭስ ዘወር ማለት ትፈልግ እንደሆነስ?

ወንድምህን በተመለከተ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ይህን አላድበሰብስብህም። በሰው ፊት እንዲህ መናገር አልነበረበትም። ግን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አዲስ የገባውን ነገር ለታላቁ ማሳየት ይፈልጋል። አንተ ገና ሳያልቅለት «እዚህ አገር አይሆንም» ስትለው እሱም ተንቋል። ምናልባትም ሥጋት ይዞት ይሆናል፦ አንተ ብትወድቅ የእሱ ትምህርትም አብሮ እንደሚወድቅ ያውቃል። ፍርሃት ያለበት ሰው አንዳንዴ የሚናገረው በንቀት ቋንቋ ነው። ይህ ግምቴ ነው፤ ጠይቀህ የምታረጋግጠው አንተ ነህ።

ሲመጣ ክርክሩን አትቀጥሉት፤ አብራችሁ ለኩት። ቤትህ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ በላፕቶፑ የኔትወርኩን ፍጥነትና መዘግየት ይለካ። ማታ ደንበኛ ሲበዛም ይድገመው። ቁጥሩን ያው ደብተር ላይ ይጻፍልህ። ከዚህ ውጪም ሥራ ስጠው፦ የደብተሩን ሒሳብ ኮምፒውተር ላይ ያደራጅልህ፤ ለሰፈሩ ልጆች የውድድር ሰንጠረዥ ይሥራልህ። የተማረው ነገር በአንተ ቤት ቦታ እንዳለው ይይ። ያቺን ቃል ግን ሳትነግረው አትለፍ፤ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ምናልባት ሐይቅ ዳር ወክ እያላችሁ፣ «የዚያን ቀን ሰው ፊት ቆርቆሮ ስትለኝ አዝኛለሁ» በለው። ከዚያ በኋላ ዝም በል፤ ማብራሪያም ምክርም አትጨምርበት። እሱ የሚመልሰውን ስማው።

እስኪመጣ ግን አትጠብቅ። በዚህ ሳምንት የኪስ ገንዘቡን ስትልክ ደውልለት። ስለ ክላውድም ስለ ፒኤስ ፋይቭም አታንሳ። የላፕቶፑ ባትሪ እንዴት እንደሆነ ጠይቀው።